ከፍ በተደረገ ሃይሉክስ ላይ 285/70 አር17 ጎማ፦ የአስራ አራት ወር ልምድ ከደሴ እስከ በሽሎ ማዶ

የእህል ወፍጮ እጠግናለሁ። ቤቴ ደሴ ነው፤ ሥራዬ ግን የሚበዛው ተንታ፣ ደላንታ፣ ለጋምቦ፣ ወረኢሉና ጃማ ነው። ወፍጮ ቆመ ተብሎ ሲደወልልኝ ድንጋዩን፣ ቺንጋውን፣ ኩሽኔታውንና የመፍቻ ሳጥኔን ካሶኒው ላይ ጭኜ መድረስ አለብኝ። እህሏን በጀርባዋ አዝላ ሦስት ሰዓት በእግሯ ለመጣች እናት «መንገዱ ጨቅይቶ ነው የቀረሁት» ማለት መልስ አይሆንም። ጎማ የቀየርኩት ለዚህ ነው። መኪናው ከፍ ብሎ ሲታይ ያምራል የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ለማማሩ ብሎ ይህን ወጪ ሊያወጣ ላሰበ ሰው ግን ከታች የምጽፈው ሁሉ አይጠቅመውም።

መኪናዬ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው፤ 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ በእጅ የሚቀየር ማርሽ። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ጎማ 265/65 አር17 ነበር። አሁን 285/70 አር17 ላይ ቆሟል። ከፍታውም አምስት ሳንቲ ሜትር ተጨምሯል፦ ከፊት ረዘም ያለ ሞላ ከራሱ ሾክ አብዞርበር ጋር፣ ከኋላ ደግሞ ባሌስትራው (ተደራራቢው የብረት ሞላ) ላይ አንድ ተጨማሪ ቅጠል። በዚህ ሁኔታ አስራ አራት ወር ነድቼዋለሁ፤ 23,000 ኪሎ ሜትር። አንድ ሙሉ ክረምት አልፎበታል፣ አሁን ሁለተኛ በልጉ ላይ ነው።

ቁጥሮቹን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። 285 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 70 የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶ ስንት እንደሆነ ይናገራል። 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ሲሰላ የድሮው ጎማዬ ከመሬት እስከ አናቱ 776 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ 831 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ልዩነቱ 55 ሚሊ ሜትር ነው፤ መኪናውን ከመሬት የሚያነሳው ግን የዚህ ግማሽ ነው፣ 27 ሚሊ ሜትር። ሁለት ጣት አይሞላም።

ይህች ሁለት ጣት የማትሞላ ነገር ለምን ይህን ያህል እንደምታስፈልገኝ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ላየ ሰው ግልጽ ነው። ሞላና ባሌስትራ ማስረዘም ሻንሲውንና ጋቢናውን ወደ ላይ ያነሳል፤ የኋላውን ዲፈረንሻል፣ የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን፣ ግን አንዲት ሚሊ ሜትር አያነሳውም። የሃይሉክስ የኋላ ዲፈረንሻል ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ፣ ከሴሚያሱ፣ ቤት ጋር አንድ አካል ሆኖ በቀጥታ ከጎማዎቹ መካከል የተቀመጠ ነው፤ እሱን የሚያነሳው ጎማው ብቻ ነው። እኔን ደግሞ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲነካብኝ የኖረው እሱ ነው። መጀመሪያ መኪናውን ብቻ ከፍ አድርጌ አራት ወር ሞክሬዋለሁ። ጋቢናው ከፍ አለ፣ የፊቱ ሆድ ዳነ፣ ዲፈረንሻሉ ግን ያው እንደ ድሮው ድንጋዩን እየጫረ ሄደ። «ከፍ ላድርገው ወይስ ጎማ ልቀይር» ብላችሁ የምትጠይቁ፣ መልሱ መኪናችሁ ሥር ያለው ጭረት ላይ ተጽፏል፤ ክሪክ አስገብታችሁ እዩት።

ጎማዎቹን ያስመጣሁት ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ነው፤ በዚህ መጠን ደሴ ላይ አምስት አንድ ዓይነት ማግኘት አልቻልኩም። አምስት ያልኩት አውቄ ነው። የስኮርታው (የመጠባበቂያው ጎማ) መጠን ከሌሎቹ ከተለየ፣ ጎማ ተንፍሶ እሱን ባሰርን ቀን የግራና የቀኙ ዙር ይለያያል፣ ዲፈረንሻሉም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይቀር ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይውላል። ፎር ዊል ከተገባበት ደግሞ የሃይሉክስ የፊትና የኋላ ዘንግ መሃል ላይ ልዩነቱን የሚያቻችል ነገር ስለሌለው ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ወይ አምስት ነው ወይ ጭራሽ መተው ነው። አምስተኛው ከካሶኒው ሥር ያለው ቦታ ላይ የገባው ትንሽ አስተንፍሼው ነው።

ዋጋ አልጽፍም፤ በየወሩ ስለሚቀያየር ዛሬ የጻፍኩት ነገ ሰው ያሳስታል። ይልቅ ሻጩ ፊት ቆማችሁ የምታዩትን ልንገራችሁ። የጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። 1423 ቢል በ2023 በ14ኛው ሳምንት የወጣ ነው። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የቆመ ጎማ ጥርሱ እንዳለ አዲስ ይመስላል፤ ላስቲኩ ግን ደርቋል፣ ጎኑን በጣት ጫን ብላችሁ ስታጎብጡት ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያሳያል። መጀመሪያ ካቀረቡልኝ አምስት ውስጥ ሁለቱ ስድስት ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። መለስኳቸው። ቀጥሎ የሚታየው የጭነት ቁጥር ነው። የድሮው ጎማዬ 112 ይላል፤ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። የአሁኑ 121 ነው፣ 1,450 ኪሎ። በዚሁ በ285/70 አር17 መጠን 116 የሚልም አለ፤ 1,250 ኪሎ የሚችል፣ ጎኑ የሳሳ። የወፍጮ ድንጋይና ሞተር ለሚጭን ሰው 121 ያለው ይሻላል፤ ክብደቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል፣ እመለስበታለሁ።

ወደ ማሰሩ ልሂድ። ጋራዡ ውስጥ ታስሮ መሬት ላይ ሲቆም ጎማው ቦታው ውስጥ ተሟልቶ ገባ። መካኒኩ «አብሽር ወንድሜ፣ ገብቷል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቆሞ ሳለ ገብቷል። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ ወደ ኋላ ስመለስ ነው የመጀመሪያውን ድምፅ የሰማሁት፤ ላስቲክ ፕላስቲክ ሲፍቅ የሚሰማ ረጅም ጩኸት። ከዚያ በሁለተኛው ቀን ጭነት ይዤ፣ መሪ አዙሬ፣ አንዱ የፊት ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ይሄኛው የብረት ነበር።

ያን ድምፅ ለማጥፋት ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። የሚነካው ቦታ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ከፊት ጎማው ኋላ ያለው የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎው ነው፤ እሱን ፈትቶ ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ማሰር ይበቃዋል። ሁለተኛው ጎማውን ከውስጥ የሚሸፍነው ፕላስቲክ ነው፤ በሙቅ አየር አለስልሶ ወደ ኋላ መግፋት እንጂ መቁረጥ አልወደድኩም፣ ምክንያቱም ከጀርባው የኤሌክትሪክ ገመድ ያልፋል፤ ከተቆረጠ ጭቃውና ጠጠሩ በቀጥታ ገመዱን ነው የሚመታው። ሦስተኛውና ዋናው ከፊት ጎማው ጀርባ፣ ከጋቢናው ሥር ጥግ ላይ ሁለት ቆርቆሮ ተገጣጥሞ የተበየደበት ስለት ነው። ያ ስለት ጎማውን በጎኑ ሊቀደው ይችላል። በመዶሻ ተደብድቦ ወደ ኋላ ተጣጠፈ፣ ከዚያ ፀረ ዝገት ቀለም ተቀባ። ቀለሙን አትርሱ፤ ብረቱ በተላጠበት ቦታ ጭቃ ይዞ ከረመ ማለት በዓመቱ ዝገት ነው።

ይህን ሁሉ ካደረግኩ በኋላም መሪ ሙሉ በሙሉ ተጠምዝዞ ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ ጥቂት ይነካ ነበር። የመጨረሻውን መፍትሔ የሰጠኝ ኮምቦልቻ ያለ አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከያ) ሠሪ ነው። የፊት ጎማው ከጋቢናው ራቅ እንዲል ማስተካከያ ቡሎኖቹን አዙሮ ጎማውን በጥቂቱ ወደ ፊት ገፋው። ከዚያ ወዲህ አልነካም። መኪናን ከፍ ማድረግ የጎማውን አቀማመጥ ስለሚያዛባው አላይመንት የግድ ነው፤ እኔ ከመጀመሪያው ቀን ባለማሠራቴ በ2,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለቱም የፊት ጎማዎች የውስጥ ትከሻቸው ሻካራ ሆኖ ተበላ። አዲስ ጎማ በእጄ እየዳሰስኩ ሲበላ ማየት በጣም ነው ያናደደኝ። ሌሎቻችሁ አታድርጉት።

ሁለት ትንንሽ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ከታሰረ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ፤ ከባድ ጎማ ዳዶውን ያላላል፣ የኔ ሁለቱ ሩብ ዙር ተቀብለዋል። የፊት መብራቱንም ዝቅ አስደርጉ። እኔ ሳላስደርግ በመጀመሪያው ማታ ከሐይቅ ወደ ደሴ ስመለስ ከፊት ለፊት የመጣ አይሱዙ ሁሉ መብራት እያበራ እያጠፋ ይለምነኝ ነበር። በጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሰው ዓይን ማጥፋት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ በሽሎ። ወደ ደላንታ ለመሻገር የበሽሎን ወንዝ ገደል መውረድና መውጣት ግድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ የበሽሎን ገደል ያለፉት መንገዱን ራሳቸው እያስጠረጉ፣ በሰው ጉልበት ነው። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ቁልቁለቱን በወረድኩ ቁጥር ያ ጭነት ወደ ፊት እንዳይሮጥ የያዙት እጆች ትዝ ይሉኛል፤ እኔ ሞተርና ፍሬን እያለኝ እንኳ ጭነቱ ከኋላ ሲገፋኝ ይሰማኛል።

ጎማው ዋጋውን የመለሰልኝ እዚያ ነው። ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ቀበሌ የምንገባባቸው ጥርጊያዎች በክረምት ጎርፍ አፈሩ ተጠርጎ ድንጋዩ ብቻ ይቀራል። ድሮ በእግሬ ወርጄ እያየሁ፣ ረዳቴ ፊት ለፊት ቆሞ በእጁ እየመራኝ፣ ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ እያዳንኩ የምሄድበት ሦስት ኪሎ ሜትር ነበር፤ አርባ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። አሁን በሃያ ደቂቃ እወጣለሁ። በአስራ አራት ወር ውስጥ ዲፈረንሻሉ የነካው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም በኔ ችኮላ። ጎኑ ወፍራምና ረጅም መሆኑም ሌላ ነገር አለው፤ ነፋሱን ቀንሼ በ22 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ስሄድ ጎማው ድንጋዩን ያቅፈዋል፣ መኪናው አይዘልም፣ ካሶኒው ላይ ያለው የወፍጮ ድንጋይም አይሰነጠቅም። ድሮ በጉዞ ላይ የተሰነጠቀብኝ ድንጋይ ሁለት ነው፤ ጎማውን ከቀየርኩ ወዲህ አንድም የለም። ይህ ለኔ ከሁሉ በላይ ነው።

ጃማ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። ደጎሎ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ በሐምሌና በነሐሴ ምንም ዓይነት ስፋት አያከብርም። እኔ የገዛሁት ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆነውን፣ ጥርሱ መካከለኛ የሆነውን ዓይነት ነው። ዋልካ ሲገባበት በሁለት ዙር ውስጥ የጥርሱ ክፍተት ይሞላና ጎማው እንደ ለሰለሰ ሸክላ ክብ ሆኖ ይንሸራተታል። ወርዱ መስፋቱ ደግሞ አንዳንዴ ይጎዳል፤ ቀጭን ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ከሥሩ ያለውን ጠንካራ መሬት ሲያገኝ ሰፊው ላዩ ላይ ይዋኛል። ባለፈው ነሐሴ ደጎሎ አጠገብ ገብቼ ያወጡኝ በሬዎች ናቸው። የወፍጮው ባለቤት፣ ሽማግሌ ሰው፣ ከጎማው አጠገብ ቆመው «ልጄ፣ ይሄ መሬት ከኅዳር በፊት የእግርና የበሬ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ላይ ጃማ ከተደወለልኝ መኪናዬን ጠጠር መንገዱ ላይ አቁሜ የቀረውን በበቅሎ ነው የምሄደው። ጭቃ ለማለፍ ብሎ ይህን ጎማ የሚገዛ ሰው ካለ፣ በተለይ ለጥቁር አፈር፣ እንዲያስብበት እለምነዋለሁ።

የከፈልኩት ዋጋ በደንብ የታወቀኝ ሐረጎ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ዳገት ላይ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች ርቀት ከ2,500 ሜትር ከፍታ ወደ 1,850 ገደማ እንወርዳለን። ጎማ በ7 በመቶ ሲያድግ ሁሉም ማርሽ በ7 በመቶ እንደረዘመ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ትንሽ ወደ አራተኛ ተጠጋ ማለት ነው። ስወጣ ሞተሩ ዙሩ ይወርድበታል፤ በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲተያይ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ እስኪነቃ ድረስ ሞተሩ ደካማ ነው፣ ዙሩ በወረደ ቁጥር ደግሞ ቱርቦው ይዘገያል። ድሮ በሦስተኛ የማልፋቸው ሁለት ኩርባዎች ነበሩ፤ ጭነት ካለኝ አሁን ወደ ሁለተኛ እመልሳለሁ። ይህ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው፣ ሌላ አይደለም።

የሚያሳስበኝ ስወርድ ነው። ያው 7 በመቶ የሞተሩን የመያዝ አቅም ይቀንሰዋል። ሦስተኛ ላይ አድርጌ እግሬን ከፍሬን አንስቼ የምወርድበት ቁልቁለት አሁን በሦስተኛ እየፈጠነ ይሄዳል። የፍሬኑም ነገር እንደዚያው ነው፤ ዲስኩ ያው የድሮው ነው፣ ጎማው ግን ረዝሟል፣ ስለዚህ ፔዳሉን በዚያው ጉልበት ስረግጥ መሬት ላይ የሚደርሰው የማቆም ኃይል ከስድስት እስከ ሰባት በመቶ ያንሳል። ክብደቱ ይጨመርበት፤ የድሮውን ጎማ ከነቸርኬው ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አውጥቼው ነበር፣ 29 ኪሎ። አዲሱ 37 ኪሎ ሆነ። በአንድ ጎማ 8 ኪሎ፣ ያውም የሚሽከረከር ክብደት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በድሮው ልማዴ ስወርድ የፍሬን ሸራ ሽታ ጋቢና ውስጥ ገብቶብኛል። አሁን ከሐረጎ አናት ላይ ገና ሳልጀምር ሁለተኛ አስገባለሁ፤ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳልጎትት፣ አንዴ ጠበቅ አድርጌ እረግጥና እለቅቃለሁ። የፊት ፍሬን ሸራ በ18,000 ኪሎ ሜትር ቀይሬያለሁ፤ ድሮ 30,000 ይደርስልኝ ነበር። ማንም ሰው ይህን ጎማ ከማሰሩ በፊት ፍሬኑን ያስፈትሽ። ስለ ማማር ሲነገር ስለዚህ የሚያወራ ሰው አላገኘሁም፤ እኔ ግን ልጆቼን ይዤ ነው በዚያ ገደል የምወርደው።

ነዳጅ ላይ ብዙ ሰው ራሱን ያሳስታል። ጎማው ስለረዘመ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ያንሳል፤ 100 ሲል መንገዱ 107 ነው። እኔም መጀመሪያ ተደናግጬ ነበር። 70 ሊትር ሞልቼ ቆጣሪው 610 ኪሎ ሜትር አለኝ፤ ይህ በ100 ኪሎ ሜትር 11.5 ሊትር ነው፣ ድሮ 10.1 ነበር። 610ን በ1.07 ሳበዛው ግን የሄድኩት 653 ነው፣ እውነተኛው ፍጆታ ወደ 10.7 ይወርዳል። ጭማሪው ስድስት በመቶ ያህል እንጂ አስራ አራት አይደለም። ዘይት የምንቀይርበትም ርቀት እንደዚሁ ነው፤ 10,000 ላይ የሚቀየር ከሆነ ቆጣሪው 9,350 ሲል ጊዜው ደርሷል። የፍጥነት ሰዓቱ በተቃራኒው ተሻሽሏል፤ ከፋብሪካው ጥቂት አብዝቶ ያሳይ ስለነበር ድሮ 80 ሲል በስልኬ 76 ነበር፣ አሁን 80 ሲል 81 ነው። ትራፊክ ፊት የሚያሳፍር ልዩነት አይደለም።

የነፋሱ መጠን ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖብኛል። በሩ ላይ የተለጠፈው የፋብሪካው ቁጥር 29 ፒኤስአይ ነው፤ ያ ግን ለድሮው ጎማ ነው። ጎኑ የወፈረ የጭነት ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከዚያ በላይ ነፋስ ይፈልጋል። በ29 ስነዳው አስፋልት ላይ ጎኑ ሲሞቅ በእጄ ይታወቀኝ ነበር። አሁን ባዶውን በ36፣ ካሶኒው ሲሞላ ከኋላ በ45 ነው የምሄደው። ከባትሪ ጋር የሚገናኝ ትንሽ መንፊያ ይዣለሁ፤ ከኮረኮንች ወጥቼ አስፋልት ከመያዜ በፊት ሳልነፋ አልነሳም። በ22 ፒኤስአይ ባቲ በረሃ አስፋልት ላይ መሮጥ ጎማ ለማፈንዳት ሆን ብሎ መሥራት ነው።

ስለ ባቲ ካነሳሁ፣ ከባቲ ወደ ጉጉፍቱ በወጣሁ ቁጥር ጌጁ ያስገርመኝ ነበር። ከፍታው ከ1,500 ሜትር በላይ ሲጨምር የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ጌጁ ላይ ወደ 2 ፒኤስአይ ይጨምራል። ጉጉፍቱ ላይ ያለው የጠዋት ብርድ ደግሞ ወደ 4 ይቀንሳል። ስለዚህ ሰኞ ከባቲ ገበያ በኋላ 36 የተውኩት ማክሰኞ ጠዋት ጉጉፍቱ ላይ 34 ይሆናል፤ የተነፈሰ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ጎሚስታ ጋ ወስጄዋለሁ። አልተነፈሰም ነበር። መለካት የሚገባው ጎማው ቀዝቅዞ፣ ቀኑን የምንውልበት ከፍታ ላይ ሆኖ ነው።

ከተሰበረው ውስጥ፦ በአስረኛው ወር የቀኝ የፊት ሴሚያስ የውጪው ላስቲክ ተቀዶ ግራሶውን ቸርኬው ውስጥ ሁሉ ረጭቶታል። መኪናው ከፍ ሲል ሴሚያሱ በማዕዘን ስለሚቆም ላስቲኩ እጥፋት ላይ ይፈተጋል። አምስት ሳንቲ ሜትር ላይ የቆምኩትም ለዚህ ነው፤ ሰባትና ስምንት ያደረጉ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፣ ሁለቱም ሴሚያስ ቀይረዋል። የኔን በጊዜ ስላየሁት ላስቲክና ግራሶ ብቻ በቂ ሆነ። አንድ የፊት ኩሽኔታም ማጉረምረም ጀምሮ ተቀይሯል፤ ከጎማው ይሁን ከዕድሜው ለይቼ መናገር አልችልም፣ መኪናው አዲስ አይደለም። ጎማው ራሱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተበሳው፣ ኩታበር አጠገብ፣ በጥርሱ በኩል፤ ጎሚስታው እዚያው ሠርቶታል። ጎኑ አልተነካም። አምስቱንም በየ8,000 ኪሎ ሜትር እያዟዟርኩ ነው፣ ስኮርታውን ጨምሮ።

እናቴ መኪናው ከፍ ካለ ጀምሮ ብቻዋን መውጣት አቃታት። ለሐድራ (ለጸሎት ስብስብ) ወደ ዘመድ ቤት ስወስዳት የእንጨት በርጩማ ይዤ ነበር የምሄደው፤ አሁን ከጎኑ መወጣጫ ብረት አስበይጄለታለሁ። በዕድሜ የገፋ ሰው የሚያጓጉዝ ሰው ይህን ከሒሳቡ ያስገባ።

የእህቴ ልጅ ባለፈው መስከረም «አጎቴ፣ ለኔም እንዳንተው አሳስርልኝ» አለኝ። እሱ የሚሠራው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ፣ ሁሉም አስፋልት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሐረጎን። እንቢ አልኩት። ተቀየመኝ፤ ለራሴ አድርጌ ለሱ የከለከልኩ መሰለው። ሐረጎን አብሬው ወረድኩ፣ የኔን መኪና እሱ እየነዳ፣ ካሶኒው ተጭኖ። ከታች ስንደርስ ራሱ ነው የቸርኬውን ሙቀት በእጁ ሞክሮ ያየው። ከዚያ በፋብሪካው ሞላ ላይ፣ ምንም ሳይቆረጥ ሳይደበደብ፣ 265/70 አር17 አሰርንለት፤ 803 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከመሬት 13 ሚሊ ሜትር ይጨምርለታል፣ ማርሹን የሚያረዝመው በሦስት ተኩል በመቶ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት መጥቶ መሪውን ጥግ ድረስ አስጠምዝዤ ውስጡን በባትሪ መብራት አየሁለት። የትም አልነካም።

የኔ ጎማ ሲገዛ 13 ሚሊ ሜትር ጥርስ ነበረው፤ ትናንት ስለካው 9 ቀርቶታል። ሲያልቅ ያንኑ መጠን ነው የምገዛው፤ ደላንታ ውስጥ የምጠራባቸው ወፍጮዎች አስራ አንድ ናቸው፣ ሁሉም በሽሎን ተሻግሮ ነው።